ከጎንደር የትኛው የክላውድ ሪጅን ይቀርባል?

የክላውድ ሪጅን ማለት አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ሰርቨሮቻቸውን አንድ አካባቢ ሰብስበው የሚያከራዩበት ቦታ ነው። ወደ አዲስ ገበያ የሚገባ ድርጅት ሁሉ ሰርቨሩን የት እንደሚያስቀምጥ መወሰን አለበት። እኛ አገር ሦስቱም ሪጅን የላቸውም።

አፍሪካ ውስጥ ማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግና ኬፕታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን ኬፕታውን ላይ በ2020፣ ጉግል ጆሃንስበርግ ላይ በ2024 ከፍተዋል። ታዲያ ብዙ ሰው ለአፍሪካ ደንበኛ አፍሪካ ያለው ይሻላል ብሎ ዝም ብሎ ኬፕታውንን ይመርጣል። ተሳስቷል። ከጎንደር ኬፕታውን በቀጥታ መስመር 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍራንክፈርት ግን 4,900 ገደማ። አማዞን በ2019 የከፈተው የባህሬኑ ደግሞ 2,000 አካባቢ ነው።

ባህሬን ቀረበ ማለት ግን ፈጠነ ማለት አይደለም። ዳታ የሚሄደው በኬብል ነው፣ እኛ ደግሞ የባህር በር የለንም። ከጎንደር የተነሳው በየብስ ፋይበር ድንበር ይሻገራል፤ በጅቡቲ የወጣው ቀይ ባህርን ይዞ በግብፅ በኩል አውሮፓ ይገባል። የኛና የባህሬን ኔትወርክ የሚገናኙት አውሮፓ ውስጥ ከሆነ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ላለ ሰርቨር ዳታው አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ይበላል። ትንሽ ይመስላል። ማራኪ ካምፓስ ያለች ተማሪ የመድኃኒት ቤት ገጽ ስትከፍት ግን ስልኳ ገና አንድ ፊደል ሳያሳያት ከሰርቨሩ ጋር ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ምልልስ 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ሰከንድ ሊሞላ ምን ቀረው? ስለዚህ ለኩ። በየሪጅኑ ትንሽ ሰርቨር ለሳምንት ተከራዩና በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ሲም፣ ቀን ከፒያሳ፣ ማታ ከአዘዞ ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ አንድ ምልልስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ የሚለካ ትእዛዝ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የተለካ ቁጥር የጎንደርን አይነግራችሁም።

ዋጋውም ከሪጅን ሪጅን ይለያያል፣ ኬፕታውን ከፍራንክፈርት ይወደዳል፣ ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ስላስቀመጠ፣ የታካሚ ወይም የደንበኛ መረጃ የምትይዙ ከሆነ ሪጅን ሳትመርጡ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ኬብልም ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባህር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተበጥሰው ነበር፤ መጠባበቂያ ቅጂያችሁ በሌላ አቅጣጫ ያለ ሪጅን ላይ ይሁን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እዚህ ክልላችን ውስጥ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ሲሆን ፍራንክፈርትም ባህሬንም አይደርሱልንም፤ ሥራ የሚያሠራው ትዕዛዙን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ የሚልክ አፕ ብቻ ነው።