ኡኖ፦ የካርታ ጨዋታው አመጣጥና ደንብ

ኡኖ ከ2 እስከ 10 ሰዎች ተሰብስበው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ሲሆን፣ ዓላማው በእጅ የያዙትን ካርታ ከሌሎቹ ቀድሞ ጥሎ መጨረስ ነው። ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር እኩል ሊጫወቱት መቻላቸው በቤተሰብ ጨዋታዎች መካከል የተከበረ ቦታ አሰጥቶታል። ደንቡ ከካርታው ጋር በሚመጣ አንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚያልቅ ቢሆንም፣ አብዛኛው ሰው ጨዋታውን የሚማረው አይቶና በቃል ሰምቶ በመሆኑ ከተጻፈው ደንብ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ሳይታወቅ ቀርቷል። በዚህ ዳሰሳ መነሻ የሚሆነው የተጻፈው ደንብ ነው።

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1971 የፈለሰፈው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከሲንሲናቲ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሬዲንግ ፀጉር አስተካካይ የነበረው መርል ሮቢንስ ነው። መነሻው፣ በስፋት እንደሚነገረው፣ ክሬዚ ኤይትስ በተባለው የቆየ የካርታ ጨዋታ ደንብ ላይ ሮቢንስ ከልጁ ከሬይ ጋር ያደረገው ክርክር ነበር። ክሬዚ ኤይትስም ሆነ ኡኖ መሬት ላይ ካለው ካርታ ጋር የሚዛመድ ካርታ በመጣል ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ዝምድናቸው አያጠራጥርም፤ የሮቢንስ አስተዋፅኦ በተለመደው ካርታ ላይ በቃል ስምምነት ይሰጡ የነበሩትን ልዩ ትእዛዞች በካርታው ላይ አትሞ ማውጣቱ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ማንበብ የጀመረ ልጅ ሁሉ ያለ አስታዋሽ እንዲጫወት አስችሏል። ቤተሰቡ 8,000 ዶላር አዋጥቶ የመጀመሪያዎቹን 5,000 የጨዋታ ጥቅሎች አሳተመ፤ ሮቢንስም መጀመሪያ በፀጉር ማስተካከያ ቤቱ ውስጥ ይሸጥ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የኡኖን መብት በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የቀብር አገልግሎት ድርጅት የነበረው ሮበርት ቴዛክ ለሚመራው ቡድን በ50,000 ዶላርና ከእያንዳንዱ ሽያጭ በሚታሰብ 10 ሳንቲም ሸጠ። ገዢዎቹ ኢንተርናሽናል ጌምስ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ጨዋታውን በሰፊው አሰራጩት። ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1984 አረፈ፤ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1992 የመጫወቻ አምራቹ ማቴል ገዛው። ኡኖ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ የሚገባውም ክብር ነው።

የቆየው የኡኖ ካርታ 108 ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ የተባሉት አራት ቀለሞች እያንዳንዳቸው 25 ካርታ ሲኖራቸው፣ ከእነዚህ ውስጥ ዜሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ይገኛሉ። ቀሪዎቹ ስድስቱ የትእዛዝ ካርታዎች ናቸው፤ እነርሱም ቀጣዩን ተጫዋች ሁለት ካርታ አስነሥቶ ተራውን የሚያሳልፈው ፕላስ ቱ፣ ተራ የሚያዘልለው ስኪፕ እና የዙሩን አቅጣጫ የሚገለብጠው ሪቨርስ ናቸው። ከቀለሞቹ ውጪ የሆኑ 8 ጥቁር ካርታዎች ሲኖሩ፣ አራቱ ቀለም ብቻ የሚያስቀይሩ ዋይልድ፣ አራቱ ደግሞ ቀለም ከማስቀየር በላይ ቀጣዩን ተጫዋች አራት ካርታ የሚያስነሡ ፕላስ ፎር ናቸው። በኋላ በወጡ እትሞች ቁጥሩ ወደ 112 ከፍ ብሏል።

ሲጀመር ካርታው ተበውዞ ለእያንዳንዱ 7 ይታደላል፤ የቀረው ተገልብጦ መሐል ይቀመጥና የላይኛው አንድ ካርታ ፊቱ ይገለጣል። የተገለጠው ፕላስ ፎር ከሆነ ወደ ክምሩ ተመልሶ ሌላ ይወጣል። ከአዳዩ በስተግራ ያለው ሰው ይጀምርና እያንዳንዱ በተራው በቀለም፣ በቁጥር ወይም በምልክት የሚገጥም አንድ ካርታ ይጥላል። የሚገጥም ካርታ የሌለው ከክምሩ አንድ ያነሣል፤ ያነሣው የሚገጥም ከሆነ ወዲያው ሊጥለው ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት፣ የሚጣል ካርታ እያለውም ሆን ብሎ ማንሣት የሚፈልግ ሰው እንዲያነሣ ደንቡ መፍቀዱን ነው፤ ነገር ግን ካነሣ በኋላ አስቀድሞ በእጁ ከነበሩት አንዱንም መጣል አይችልም። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲጫወቱ ሪቨርስ እንደ ስኪፕ ያገለግላል።

ጨዋታው ስሙን ያገኘው አንድ ካርታ ብቻ የቀረው ሰው በሚያሰማው «ኡኖ!» (በስፓኝኛ «አንድ») የሚል ጥሪ ነው። ጥሪው ከመጨረሻው በፊት ያለው ካርታ ሲጣል መሰማት አለበት። ዘንግቶት ቀጣዩ ተጫዋች ተራውን ከመጀመሩ በፊት ሌላ ሰው ካጋለጠው ሁለት ካርታ ይቀጣል፤ ቀጣዩ ከጀመረ በኋላ ግን ቅጣት የለም። የጨዋታው ፍጥነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህች አጭር የጊዜ ክፍተት ነው፤ ሁሉም ሰው በራሱ ተራ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ተራም ዓይኑን ከካርታው ሳይነቅል እንዲጠብቅ ታስገድዳለች።

የጨዋታው እውነተኛ ብልኃት ያለው ግን በፕላስ ፎር ላይ ነው፤ ብዙ ቤተሰቦችም ሳያውቁት የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ይህ ካርታ እንደ ዋይልድ በፈለጉ ጊዜ አይጣልም። ደንቡ የሚፈቅደው፣ መሬት ላይ ካለው ካርታ ጋር በቀለም የሚመሳሰል ካርታ በእጁ ለሌለው ሰው ብቻ ነው፤ በቁጥር ወይም በምልክት ብቻ የሚገጥም ካርታ መያዝ ግን አይከለክልም። ጣዩ ሕጉን መጣስ አለመጣሱ ለሌሎች ስለማይታይ፣ አራት ካርታ ሊያነሣ የተፈረደበት ተጫዋች የመጠየቅ መብት አለው። ሲጠየቅ ጣዩ እጁን ለጠያቂው ብቻ ያሳያል። አጥፍቶ ከተገኘ አራቱን ካርታ ራሱ ያነሣል፤ ንጹሕ ከሆነ ግን ጠያቂው ከአራቱ ላይ ሁለት ተጨምሮበት ስድስት ያነሣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፕላስ ፎር ላይ ጣዩ ለመድፈር፣ ተቀባዩም ለመጠርጠር የሚያስብበት ምክንያት ይኖረዋል። ይህን ክፍል ትቶ የሚጫወት ቤት ከጨዋታው ምርጡን ክፍል ትቷል ማለት ይቻላል።

በጣም የሚያከራክረው ጉዳይ መደራረብ ነው፤ ማለትም ፕላስ ቱ የተጣለበት ሰው ሌላ ፕላስ ቱ ደርቦ ቅጣቱን ወደ ቀጣዩ ማሳለፉ። ይህ በቤት ስምምነት እጅግ የተስፋፋ ልማድ ቢሆንም የጨዋታው ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2019 እንደማይፈቀድ በግልጽ አሳውቀዋል፤ የተቀጣ ሰው ያነሣል፣ ተራውም ያልፋል። ክርክሩ ግን በዚህ አልቆመም፤ ልማዱ ለጨዋታው ድምቀት ይሰጣል የሚሉትም ምክንያት የላቸውም ሊባል አይችልም። 7 የጣለ ሰው እጁን ከሌላ ጋር የሚለዋወጥበት፣ 0 ሲጣል ደግሞ ሁሉም እጁን ለጎኑ የሚያስተላልፍበት አጨዋወት በአማራጭ ደንብነት የሚታወቅ ነው። በቀለምም በቁጥርም ፍጹም አንድ ዓይነት ካርታ የያዘ ሰው ተራው ሳይደርስ ጣልቃ ገብቶ የሚጥልበት አጨዋወትም እንዲሁ ነው።

ነጥብ የሚያዘው አንዱ ሲጨርስ ነው። አሸናፊው በሌሎች እጅ የቀሩትን ካርታዎች ዋጋ ይወስዳል፤ የቁጥር ካርታ በቁጥሩ፣ የትእዛዝ ካርታ በ20፣ ጥቁሮቹ በ50 ይታሰባሉ። የ108ቱ ካርታዎች ጠቅላላ ዋጋ 1,240 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 880 የሚሆነው በትእዛዝና በጥቁር ካርታዎች ማለትም በ32 ካርታዎች ላይ ነው። በመሆኑም ጥቁር ካርታን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ጥሩ ስልት ቢሆንም፣ ሌላው ሰው ኡኖ ካለ በኋላ በእጅ መያዙ ለተቃራኒ ወገን ነጥብ ማከማቸት ይሆናል። ቀድሞ 500 የደረሰ ያሸንፋል። የመጨረሻው ካርታ ፕላስ ቱ ወይም ፕላስ ፎር ከሆነ ቀጣዩ ተጫዋች ቅጣቱን ማንሣቱ አይቀርለትም፤ ያነሣቸውም ካርታዎች ከአሸናፊው ነጥብ ጋር ይደመራሉ።