የጣና ዳር ዝገትና ጥቁር ጭቃ፦ ረቂቅ ተሕዋስያን ማዕድንን እንዴት እንደሚሠሩና እንደሚያሟሙ

ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ ደንገል የበቀለበትን የጣና ዳር ረግረግ ስትከተሉ፣ ውሃ ከመሬት ቀስ እያለ የሚመነጭበት ቦታ አታጡም። እዚያ ጋ ጎንበስ በሉ። ከውሃው ሥር ብርቱካንማ፣ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር ተኝቷል። ከላዩ ደግሞ እንደ ዘይት ኅብረ ቀለም የሚያሳይ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "የጀልባ ናፍጣ ነው" ብሎ ያልፋል። መለየቱ ቀላል ነው። በእንጨት ንኩት። ናፍጣ ከሆነ ወዲያው መልሶ ይገጥማል። እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ ቁርጥራጩ እንደተለያየ ከቀረ ግን የባክቴሪያ ሥራ ነው። ብርቱካንማው ነገርም ዝገት ነው፤ ባክቴሪያዎች የሠሩት ዝገት።

ማዕድን ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ወርቅና ብር ነው። ዝገትም ማዕድን ነው። አሞሌ ጨውም፣ ኖራ የሚቃጠልበት ድንጋይም፣ የጥርሳችን ነጭ ሽፋንም በማዕድን የተሠሩ ናቸው። ረቂቅ ተሕዋስያን የምንላቸው ደግሞ ባክቴሪያዎች፣ አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን የሌላ ወገን ፍጥረታት)፣ ፈንገሶችና በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። አንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህ ፍጥረታት ማዕድን ያሟሟሉ፤ ማዕድን ይሠራሉም። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ለመኖር ሲሉ ነው። ብረት የሚበሉ አሉ፣ ዝገት የሚተነፍሱ አሉ። ቃሉን ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ ኬሚስትሪው እንዲያ ነው።

ቅርብ ምሳሌ ከፈለጋችሁ አፋችን ውስጥ አለ። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥተን ጥርሳችንን ሳንፍቅ ስናድር፣ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ጥርስ የተሠራበትን ካልሲየም ፎስፌት እየሸረሸረ ያሟሟዋል። ጥርስ የሚቦረቦረው በዚህ ነው። እዚያው አፍ ውስጥ ደግሞ የባክቴሪያው ሽፋን ከምራቅ ካልሲየም እየወሰደ ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል። የጥርስ ሐኪም የሚያነሳልን ያንን ነው።

ጣና የተኛው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ባዛልት ይባላል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ በደቡብ በኩል የውሃውን መውጫ ዘጋው፤ ውሃውም ተጠራቀመ። ዛሬ ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ ከባሕር ዳር ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ የሚወረወረው ከዚሁ ከባዛልት ገደል ነው። ባዛልት ውስጥ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ነገር) አለ። ሁሉም ለሕያዋን የሚያስፈልግ ስንቅ ነው፤ ግን ተቆልፎበታል።

ቁልፉን የሚከፍቱት በአብዛኛው እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች ናቸው። አፈር ውስጥ ሲተነፍሱ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ደካማ አሲድ ይሆናል። ደካማ ቢሆንም ሥራ አያቆምም። ፈንገሶች ደግሞ ከዚያ የጠነከሩ አሲዶችን ያመነጫሉ፤ ክራቸውን በድንጋዩ ስንጥቅ እያስገቡም ይፈለቅቁታል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ብረት ብቻ ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል ወደ ውጭ ይልካሉ። ሞለኪውሉ ከድንጋዩ ላይ ብረቱን ነጥቆ ወደ ባክቴሪያዋ ይመለሳል። ጎጃምና ጎንደር የሚታረሰው አፈር ከጥቁር ድንጋይ የመጣው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ዝናብና ሙቀት አግዘዋል፤ ጊዜው ደግሞ ብዙ ሺህ ዓመት ነው።

ይህን ሥራ በዓይን ማየት የሚፈልግ የድንጋይ ሽበት ይመልከት። በአሮጌ ግንብና በቋጥኝ ላይ የሚለጠፈው ግራጫና ብርቱካን እድፍ ማለቴ ነው። ፈንገስና አልጌ ተጋብተው የሚኖሩበት ነው። አልጌው ከፀሐይ ምግብ ይሠራል። ፈንገሱ ድንጋዩን ይቆነጥጣል። ከሚያወጣቸው አሲዶች አንዱ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። አሲዱ ከድንጋዩ ወይም ከኖራው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ አዲስ ማዕድን ይፈጠራል። አንዱ ማዕድን ሲሟሟ ሌላው እዚያው ይወለዳል ማለት ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ጎርጎራ አጠገብ እንዳለው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማርያም ግንብ ባሉ፣ በድንጋይና በኖራ በተሠሩ ቅርሶች ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሽበቱን በሽቦ ብሩሽ እየፈተጉ "ማጽዳት" ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የፈንገሱ ክር ድንጋዩ ውስጥ ስለገባ፣ ሲፋቅ የላላውን ድንጋይ ይዞ ይነሳል። እባካችሁ ይህን ለሚመለከተው ሁሉ ንገሩ።

ተቃራኒውን የሚሠሩም አሉ። ስፖሮሳርሲና ፓስቲዩራይ የተባለች የአፈር ባክቴሪያ ዩሪያን ትሰባብራለች። ገበሬ እርሻው ላይ የሚበትነውን ያንኑ ዩሪያ። ሲሰባበር አካባቢው አሲድነቱን ያጣል፣ ካርቦኔት ይወጣል። ካልሲየም ካለ ሁለቱ ተጣብቀው የኖራ ድንጋይ ማዕድን ይሆናሉ። ልቅ አሸዋን እንኳ ያያይዛል። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካርቦኔት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የተሸረሸሩ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃዎችን ለመጠበቅ ሥራ ላይ ውለዋል።

ወደ ብረቱ እንመለስ፤ የጣና ዳር ዋናው ታሪክ እሱ ነውና። ብረት ሁለት ጠባይ አለው። ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ፣ ሳይታይ ይጓዛል። ኦክስጅን ሲያገኝ ዝጎ ይጠጥራል፣ ቀለም ያወጣል። አንድ ጊዜ ተከራይቼ የኖርኩበት ግቢ የጉድጓድ ውሃ ነበረው። ጠዋት ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው። ማታ ባልዲው ግርጌ ቡናማ ዝቃጭ ይተኛል። ነጠላ ቢታጠብበት ቢጫ ይሆናል። የሮቶው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በእጅ ሲነካ የሚያሟልጭ ነገር ተለጥፎ ነበር። ጎረቤቶቼ መርዝ መስሏቸው ፈርተው ነበር። ውሃው ውስጥ የሟሟው ብረት አየር ሲያገኝ እየዛገ ነው እንጂ ሌላ አልነበረም። የሚያሟልጨው ደግሞ በዚያ ብረት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቤት ነው። ከእነዚህ የታወቁት ጋሊዮኔላና ሌፕቶትሪክስ ናቸው። ጋሊዮኔላ ሹሩባ እንደተሠራ ፀጉር የተጠማዘዘ የዝገት ክር ታወጣለች። ሌፕቶትሪክስ ራሷ የምትኖርበትን ቀጭን ቱቦ በዝገት ትለብጣለች። ረግረጉ ላይ ያየነው ጥጥ መሳይ ነገር የእነዚህ ክሮችና ቱቦዎች ክምር ነው።

ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ክረምት ላይ የሩዝ ማሳው ውሃ ይተኛበታል። አፈሩ ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። ያኔ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ተራው ይደርሳቸዋል። ዝገትን እንደ ኦክስጅን ይጠቀሙበታል፤ ዝገቱም ይሟሟል። ጂኦባክተር ከእነዚህ ውስጥ ስሟ የገነነው ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ የተገኘችው የዚህ ወገን ባክቴሪያ ሳይንቲስቶችን አስገርማ ነበር፤ ጠጣር ማዕድን እንዴት ይተነፈሳል? አንዳንዶቹ ከሰውነታቸው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀጭን ሽቦ ዘርግተው ዝገቱን ይነካሉ። እስቲ ውሃ ከተኛበት ማሳ አንድ የሩዝ ችግኝ ከነሥሩ ንቀሉ። ዙሪያው ጭቃ ጠቁሯል ወይ ገርጥቷል። ሥሩ ግን ቀይ ቡናማ ለብሷል። ሩዝ በግንዱ አየር ወደ ሥሩ ስለሚያወርድ፣ የሟሟው ብረት ሥሩ ጋ ሲደርስ መልሶ ይዝጋል። በጣት ስትፍቁት ነጩ ሥር ይወጣል።

የዝገቱ መሟሟት ከእርሻ አልፎ ሐይቁንም ይነካል። ቀይ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፤ የሚይዝበት ገመድ ዝገቱ ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ይህን አፈር ጠርገው ጣና ውስጥ ይከታሉ። ዝገቱ እንደጠጠረ እስከቆየ ድረስ ፎስፈረሱ ታስሯል። ታች ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ያሟሙታል፣ ፎስፈረሱም ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚወደው ምግብ ይኸው ነው። እምቦጭ ደግሞ ውሃውን እንደ ሰሌን ሲሸፍነው አየር እንዳይገባ ያደርጋል። አየር ሲያንስ ተጨማሪ ፎስፈረስ ይፈታል። አረሙን በእጅ የሚነቅለውን ገበሬ ልፋት ሳይ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይህ አዙሪት ነው። እምቦጭን መንቀል ግድ ነው። አፈሩን ተራራው ላይ ማስቀረት ግን ከሁሉም ይቀድማል።

ከባዛልት የወጣው ሲሊካስ የት ደረሰ? ዳያተም የሚባሉ አልጌዎች ይወስዱታል። ከውሃው ውስጥ ሲሊካ እየለቀሙ መስታወት መሰል ቅርፊት ይሠራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ጥሩ ጥልፍ ወግ ባለው ሥርዓት የተበሱ ናቸው። ሲሞቱ ቅርፊቱ ይሰምጣል። የጣናን የታችኛውን ደለል በቱቦ ያወጡ ተመራማሪዎች እነዚህን ቅርፊቶች እንደ ማህደር አንብበዋቸዋል። ከ15,000 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ሐይቁ ደርቆና ረግረግ ሆኖ የቆየበት ዘመን እንደነበር የታወቀው ደለሉን በማጥናት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የዳያተም ቅርፊት ተከማችቶ ነጭ የአለት ንጣፍ ሆኗል።

ወደኋላ ራቅ ካላችሁ ጉዳዩ ከጣና ይሰፋል። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሳያኖባክቴሪያዎች (እንደ ተክል ከፀሐይ ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች) ያመነጩት ኦክስጅን በከባቢ አየር መከማቸት ጀመረ። ዛሬ ከምናውቃቸው የማዕድን ዓይነቶች ብዙዎቹ ያለ ኦክስጅን ባልኖሩም ነበር።

ልጆች ላሉት ሰው የምመክረው አንድ ሙከራ አለ። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀመረው ነው፤ ከሰልፈርና ከብረት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። ከሐይቁ ዳር ጥቁር ጭቃ ሙሉበት። አንድ የእንቁላል አስኳልና የተቀደደ ጋዜጣ ቀላቅሉበት። ከላይ የሐይቅ ውሃ ጨምሩና መስኮት አጠገብ፣ ብርሃን በሚያገኝበት አስቀምጡት። ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ጋዝ ያወጣልና። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። ከዚያ ታችኛው ጭቃ እየጠቆረ ይመጣል፤ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ባክቴሪያዎች ሰልፈርን ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቀይረውት፣ እሱም ከብረት ጋር ተጋብቶ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ሆኗል። ጊዜ ካገኘ ይህ ማዕድን ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት ይሆናል። ከጥቁሩ በላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ንጣፍ ይወጣል። እነዚያ ጋዙንና ብርሃኑን አንድ ላይ የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጭቃው ከውሃው ጋር በሚገናኝበት ቀጭን የዝገት መስመር ይሠራል።

የኔ ሃይላንድ መስኮቱ ላይ ካለች ሁለት ወር ሆኗታል። ወይን ጠጁ የታየው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ብርሃን በሚያገኛት በኩል ብቻ። ዛሬ ጠዋት ጠርሙሷን አዙሬ፣ ጨለማው የነበረውን ጎን ወደ መስኮቱ አድርጌያታለሁ።