ፒኦኢ የተጻፈበት ስዊች ሁሉ አክሰስ ፖይንቱን ያበራል?

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ካፌ ወይም ፔንሲዮን ያለው ሰው ዋይፋይ ሲያስገባ ሻጩ ስለ ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኘው ሳጥን) እና ስለ አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) «ሁለቱም ፒኦኢ ናቸው፣ ይስማማሉ» ይለዋል። ግማሽ እውነት ነው። ፒኦኢ ማለት ዳታና ኤሌክትሪክ በአንድ የኔትወርክ ገመድ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው፤ ስንት ዋት እንደሚሄድ አይናገርም።

እሱን የሚናገረው የፒኦኢው ደረጃ (ስታንዳርድ) ነው። የ2003ቱ 802.3ኤኤፍ ከስዊቹ ፖርት (የገመድ መሰኪያ) እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ ገመዱ የሚበላው ታስቦ ለዕቃው የሚቀረው 12.95 ነው። የ2009ኙ 802.3ኤቲ፣ ማለትም ፒኦኢ ፕላስ፣ 30 ይሰጣል፣ 25.5 ይደርሳል። በ2018 የወጣው 802.3ቢቲ እስከ 90 ዋት ይሄዳል። አዲስ ስዊች አነስተኛ ዋት የሚፈልግ አክሰስ ፖይንት ቢሰካበት ችግር የለም፤ ዕቃው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። «ዋት በዝቶ ያቃጥለዋል» የሚባለው ከንቱ ስጋት ነው። ጣጣው በተቃራኒው ነው። ኤቲ የሚፈልግ አክሰስ ፖይንት ኤኤፍ ላይ ሲሰካ ወይ ጨርሶ አይነሳም፣ ወይ ደግሞ መብራቱ በርቶ ጉልበቱን ቀንሶ ይሠራል። ይኸኛው ነው ሰው የሚያሳብደው፤ ባለቤቱ ኢንተርኔቱን ሲረግም ይውላል።

ዕቃ የሚያቃጥለው ፓሲቭ ፒኦኢ ነው። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች አስቀድሞ ፈትሾ ይለቃል፤ ፓሲቩ ግን ሳይጠይቅ ይለቃል፣ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት። ከመሰካታችሁ በፊት በሁለቱም ዕቃዎች ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

የስዊቹን ጠቅላላ አቅምም እዩ። 8 ፖርት ኖሮት ድምሩ 65 ዋት ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው 20 ዋት ከሚስቡ አክሰስ ፖይንቶች አራተኛውን አይችልም፤ ባዶ ፖርት ቢተርፍም።