ስለ ስንዴ ዝርያዎች ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የስንዴ ዝርያዎች ከአገር አገር ስለተጓዙበት ታሪክ በንግግርም በጽሑፍም የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ከአገር ፍቅር፣ ሌሎቹ ደግሞ ከጎደሎ መረጃ የመጡ ናቸው። ዘር ለገበሬ የህልውና ጉዳይ ስለሆነ ታሪኩ በትክክል ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

«ስንዴ የተገኘው ከኢትዮጵያ ነው»

ይህ አባባል ያለ ምክንያት አልተነሳም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች እየተዘዋወረ ናሙና ሲሰበስብ የስንዴው ዓይነት ብዛት እጅግ ስላስደነቀው፣ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የስንዴ የዱር ዘመድ አይበቅልም። የአጃ የዱር ቅድመ አያት እ.ኤ.አ. በ1906 በአሮን አሮንሶን የተገኘው በገሊላ፣ ሮሽ ፒና አጠገብ ነው፤ ሰውም ስንዴን ማልማት የጀመረው ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ እስከ ሶሪያና እስከ ዮርዳኖስ ሸለቆ በሚዘረጋው ምድር ነው። (እዚህ ላይ አጃ የምለው ቅንጬ የሚሠራበትንና ፍሬው ከገለባው በቀላሉ የማይላቀቀውን የስንዴ ወገን ነው፤ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውና በዚሁ ስም የሚጠራው ሌላ እህል ነው።)

ኢትዮጵያ መገኛ ባትሆንም የብዝኃነት ማዕከል ናት፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ዘሩ ወደ ደጋው ከገባ በኋላ የአገሬው ገበሬ ለየከፍታውና ለየአፈሩ የሚስማማውን እየመረጠ፣ ነጩን፣ ቀዩንና ወይን ጠጅ ፍሬ ያለውን በአንድ ማሳ ቀላቅሎ እየዘራ ከትውልድ ወደ ትውልድ አሳልፎታል። ቫቪሎቭ ያየው ሀብት የዚህ የረጅም ዘመን ምርጫ ውጤት ነበር።

«ከፈርዖኖች መቃብር የወጣ ስንዴ ተዘርቶ በቅሏል»

አልበቀለም። የስንዴ ፍሬ በተለመደ አቀማመጥ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በላይ የመብቀል ኃይሉን ይዞ አይቆይም፤ ከጥንት መቃብሮች የወጡ ፍሬዎችም ተሞክረው አንዳቸውም አልበቀሉም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አሜሪካዋ ሞንታና ግዛት የደረሰውና በጥንታዊው ፈርዖን ስም «የንጉሥ ቱት ስንዴ» እየተባለ ለዕይታ የቀረበው ትልቅ ፍሬ ያለው ኮራሳን ስንዴም ከመቃብር የወጣ ሳይሆን ከሕያው ማሳ የተሰበሰበ ዝርያ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ዘሩን ጠብቀው ያቆዩት በተሰበሰበበት አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ስለሆኑ፣ ተረቱ የሚሰርቀው የእነርሱን ምስጋና ነው።

«ድንኩ ስንዴ የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው»

ከሁሉም በላይ የተዛባው ይህ የድንኩ (ቁመተ አጭሩ) ስንዴ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕንድንና ፓኪስታንን ከረሃብ ስጋት ያወጡትን ዝርያዎች ያዳቀለው ኖርማን ቦርሎግ አሜሪካዊ ስለሆነ፣ ዘሩም የአሜሪካ ይመስላል። ድንክነቱ ግን የመጣው ዳሩማ ከተባለ የጃፓን ስንዴ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ዳሩማን ፉልትዝ ከተባለ የአሜሪካ ስንዴ ጋር፣ ቀጥሎም ከ«ቱርክ ቀይ» ጋር አዳቀሉት። «ቱርክ ቀይ» ራሱ ከጥቁር ባሕር ሰሜን የተሰደዱ የሜኖናይት ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ወደ ካንሳስ ይዘውት የሄዱት ዘር ነው። ከዚህ ድቀላ ጎንጂሮ ኢናዙካ የተባለ ተመራማሪ በጃፓኗ ኢዋቴ መርጦ ያወጣው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1935 «ኖሪን 10» ተብሎ ለገበሬ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሴሲል ሳልመን የተባለ ባለሙያ ወደ አሜሪካ ላከው፤ ስንዴ አዳቃዩ ኦርቪል ቮግል በዋሽንግተን ግዛት ከአካባቢው ስንዴ ጋር አዳቀለው፤ የዚህ ድቅል ዘር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ከነበረው ከቦርሎግ እጅ ገባ።

የቁመቱ ማጠር ያን ያህል የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ረጅሙ ስንዴ ማዳበሪያ ሲያገኝ ዛላው ስለሚከብድ ይጋሸባል፤ አጭሩና ጠንካራው አገዳ ግን ቆሞ ይሸከመዋል። ሆኖም ድንክነት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ አጥቅቷቸዋል። ዋግን ለመቋቋም የሜክሲኮው ሥራ ቀድሞውኑ በኬንያ ስንዴዎችና ሜንታና በተባለው የጣሊያን ዝርያ ላይ ይመካ ነበር፤ «ኬንታና 48» የሚለው የዝርያ ስምም የሁለቱን መጋባት ይናገራል። ሜንታናን ያዳቀለው ናዛሬኖ ስትራምፔሊም ቢሆን ፈጥኖ መድረስን የወሰደው አካኮሙጊ ከተባለ ሌላ የጃፓን ስንዴ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1966 18,000 ቶን የሜክሲኮ ዘር ስታስገባ ጉዞው አላበቃም፤ ቀይ ፍሬው ቻፓቲ ለተባለው ቂጣ ስላልተወደደ የአገሩ ተመራማሪዎች ነጣ ያለ ፍሬ ያላቸውን ካልያን ሶናንና ሶናሊካን መርጠው አወጡ። የአገሪቱ የስንዴ ምርትም እ.ኤ.አ. በ1965 ከነበረበት 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ።

«እነዚህ ዝርያዎች ልውጥ ሕያዋን ናቸው»

አይደሉም፤ ልውጥ ሕያው የሚባለው ጂኑ (የዘር ቅንጣቱ) በቤተ ሙከራ የተለወጠ ነው። እነዚህ ግን የተገኙት የአንዱን አበባ የወንዴ ክፍል በወረንጦ እየነቀሉ የሌላውን ብናኝ በማኖርና ከትውልድ ትውልድ በመምረጥ ነው። ለእርሻ የተፈቀደ የመጀመሪያው ልውጥ ሕያው ስንዴ የአርጀንቲናው ሲሆን፣ ፈቃዱም እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰጠ ነው።

«የተሻሻለ ዘር ከመጣ የአያቶቻችን ዘር አያስፈልግም»

ይህ አመለካከት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። በኢትዮጵያ ኩብሳ የተባለው ከውጭ ከመጣ ድቅል የተመረጠ ዝርያ ሰፊ መሬት ከሸፈነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በብርቱ መታው፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ የተስፋፋውን ዲገሉን ደግሞ በ2013 በባሌና በአካባቢው የግንድ ዋግ አወደመው። ዋግ ራሱን ስለሚለውጥ፣ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ የተዘራበት ሰፊ ማሳ ክፍት በር ይሆንለታል።

በአንጻሩ የአያቶች ዘር ከአገሩ ርቆ ሌሎችን ሲታደግ ታይቷል። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ግዛት ፓስታ የሚሠራበትን የዱረም ስንዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የግንድ ዋግን ለመከላከል «ኤስ ቲ 464» የሚል ቁጥር የተሰጠውን የኢትዮጵያ ስንዴ ተጠቅመዋል፤ ሊድስ የተባለው የፓስታ ስንዴ ዝርያም የተገኘው ከዚህ የዘር ሐረግ ነው። የዚህ ስንዴ ዘመዶች እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ በተቋቋመው የዘር ባንክ ውስጥ በቅዝቃዜ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ በአንዳንድ የደጋ ማሳዎችም እስከ ዛሬ ይዘራሉ።