ሶሻል ወርከሯ ምርጫ ልትወዳደር ነው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቶሮንቶ ውስጥ የማውቃት አንዲት የሀገራችን ልጅ አለች። ሶሻል ወርከር ናት። ከአሥር ዓመት በላይ ሰው ቤት እየገባች፣ የሰው ችግር እየሰማች ሠርታለች። ለከተማ ምክር ቤት ልወዳደር ብላ ማሰቧ ተሰማና ወሬው ቡና ላይ ደረሰ። ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንቺን የመሰለች ደህና ልጅ ፖለቲካ ውስጥ ምን ይሠራልሻል?» አሏት። «ጋሼ፣ ገና አልገባሁም እኮ» አለች።

የዚያን ቀን የተባለው ነገር ሁሉ ከቅን ልብ የወጣ ነው። ግን አብዛኛው ትክክል አልነበረም። ስለዚህ ካናዳ ውስጥ የሆነውን እያነሳሁ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሶሻል ወርከር ማለት ልጅ የሚነጥቅ ማለት ነው»

ይህ ፍርሃት በማኅበረሰባችን ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፤ አልንቀውም። መታወቂያ ያንጠለጠለ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ፣ ቋንቋው ያልገባት እናት ፊቷ እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ። ነገር ግን የሕፃናት ጥበቃ የሙያው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። አንዱ ሶሻል ወርከር ሆስፒታል ሆኖ፣ አዛውንቷ ወደ ቤት ሲመለሱ ማን እንደሚያጥባቸው፣ ማን እንደሚያበስልላቸው ያመቻቻል። ሌላው መጠለያ፣ ሌላው ትምህርት ቤት፣ ሌላው ማረሚያ ቤት ነው የሚሠራው።

ደግሞም የሕፃናት ጥበቃ ሕጉን ያወጣችው ያቺ በር ያንኳኳች ሠራተኛ አይደለችም። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ፕሮቪንስ፣ ማለትም ክፍለ ሀገር፣ ሕጉ የሚወጣው ኩዊንስ ፓርክ ከሚገኘው የፕሮቪንሱ ምክር ቤት ነው። ሕጉ ከበደን የምንል ከሆነ፣ የኛን ቤት የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ማን ይጠላል?

«ፖለቲካ ገባች ማለት ሙያዋን ተወች ማለት ነው»

ለዚህ መልሱ ቫንኩቨር ነው። በ1960ዎቹ ስትራትኮና የሚባለውን ሰፈር ከተማው በእድሳት ስም ያፈርሰው ነበር። ነዋሪው በብዛት ቻይናውያን ስደተኞችና ልጆቻቸው ነበሩ። አጠገቡ ደግሞ ሆጋንስ አሊ የሚባል የጥቁሮች መኖሪያ ነበር። ቤቶቹ አርጅተዋል ተባለ፤ በመሃል አውራ ጎዳና ሊያልፍ ታቀደ።

ዳርሊን ማርዛሪ ያኔ በከተማው አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። የተላከችው ለሚነሱት ሰዎች እንድትደርስ ነው። እሷ ግን ሰዎቹ መነሳት እንደማይፈልጉ ሰማችና ከነሱ ጎን ቆመች። ነዋሪዎቹ በ1968 ማኅበር አቋቋሙ። ልጆች ለወላጆቻቸው እያስተረጎሙ፣ በር ለበር እየተዞረ ሰው ተሰበሰበ። በ1969 የፌዴራል መንግሥት ለማፍረሱ የሚሰጠውን ገንዘብ አቆመ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ቤት ለማፍረስ ሳይሆን ቤት ለመጠገን ዋለ። ስትራትኮና ዛሬም አለ። ሆጋንስ አሊ ግን አልተረፈም፤ በ1972 የተከፈቱት ድልድዮች በላዩ አለፉ።

ማርዛሪ በዚያው በ1972 ለቫንኩቨር ከተማ ምክር ቤት ተመረጠች። በ1986 የብሪትሽ ኮሎምቢያ ፕሮቪንስ ምክር ቤት ገባች። በ1993 ደግሞ የማዘጋጃ ቤቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። በ1995 እሷ ሚኒስትር ሳለች የወጣው ሕግ፣ ጎረቤት ከተሞች ስለ ቤት፣ ስለ መንገድና ስለ መሬት አጠቃቀም አብረው እንዲያቅዱ መንገድ ከፈተ። መንገድ በመንደር መሃል ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ በዓይኗ ያየች ሴት ናት። ታዲያ ሙያዋን መቼ ተወች?

አሜሪካም የሚመሳሰል ታሪክ አለ። ባርባራ ሚኩልስኪ ባልቲሞር ውስጥ ሶሻል ወርከር ነበረች። ሰፈሮችን ሊያፈርስ የነበረ አውራ ጎዳና ስትታገል ቆይታ በ1971 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠች። መጨረሻ ላይ ሴናተር ሆነች፤ 30 ዓመት ቆየችበት። ሁለቱም ጋ ነገሩ የተጀመረው በመንገድ ነው። ለኔ ይህ አይገርመኝም። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው፣ ችግሩ ከቤተሰቡ ሳይሆን ከላይ ከተወሰነ ነገር የመጣ መሆኑን ቶሎ ያያል። አንዱን ቤተሰብ ስትረዳ፣ በዚያው ውሳኔ ሌሎች ሃምሳ ቤተሰቦች ይፈናቀላሉ።

«ዋናው ነገር ኦታዋ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ምን ያደርጋል?»

ይህን ከሁሉም በላይ ባስተካክል ደስ ይለኛል። አንዲት እናት የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «ለማን ልጩህ?» ትላለች እንበል። በየዓመቱ ኪራይ በስንት እንደሚጨምር ጣሪያውን የሚወስነው ፕሮቪንሱ ነው። ከኖቬምበር 15፣ 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ቤት ከዚያ ጣሪያ ነጻ የሆነውም በፕሮቪንሱ ውሳኔ ነው። ቤቱ ካልሞቀ ግን ጉዳዩ የከተማው ነው። የቶሮንቶ ደንብ አከራዩ ማሞቂያ የሚሰጥ ከሆነ በብርዱ ወራት ቤቱ ቢያንስ 21 ዲግሪ እንዲሆን ያስገድዳል። መጠለያው፣ አውቶቡሱ፣ የሕፃናት መዋያ ድጎማውን የሚያስተዳድረው ከተማው ነው። የድጎማ ገንዘብ፣ ማለትም ዌልፌር የምንለው፣ ቶሮንቶ ውስጥ በከተማው ቢሮ በኩል ይሰጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ፕሮቪንሱ ነው። እነዚህን ሁሉ ኦታዋ ብንጽፍ መልሱ «የኛ ሥልጣን አይደለም» ነው።

ከተማ ብቻውን ይበቃል ማለቴም አይደለም። በካናዳ ሕገ መንግሥት ማዘጋጃ ቤቶች በፕሮቪንሱ ሥር ናቸው። በ2018 የቶሮንቶ ምርጫ ዘመቻ ተጀምሮ እያለ፣ የኦንታሪዮ መንግሥት የምክር ቤቱን ወንበር ከ47 ወደ 25 ቀነሰው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ የፕሮቪንሱ ውሳኔ ጸና። አንድ ካውንስለር፣ ማለትም የምክር ቤቱ አባል፣ ድሮ ይሸከመው የነበረው ሕዝብ በእጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ሰዎች ከከተማ ጀምረው ወደ ፕሮቪንስ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ቁልፉ ሁለት ቦታ ነው ያለው።

«ልበ ለስላሳ ናቸው፤ ስለ በጀት አያውቁም»

ዴቭ ባሬት ሶሻል ወርከር ነበር፤ ማረሚያ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ለምርጫ ሊወዳደር በመነሳቱ ከሥራው ተባረረ። በ1960 ተወዳደረና አሸነፈ። በ1972 የብሪትሽ ኮሎምቢያ ፕሪሚየር፣ ማለትም የፕሮቪንሱ መንግሥት መሪ፣ ሆነ፤ የገንዘብ ሚኒስትርነቱንም ራሱ ያዘ። በ3 ዓመት ውስጥ የእርሻ መሬት ለቤት ግንባታ እንዳይሸነሸን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የመኪና ኢንሹራንስን ወደ መንግሥት አዞረ። የአዛውንቶች ገቢ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድ አረጋገጠ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስከ ዛሬ አሉ። ፍጥነቱ በዝቷል ብለው የሚተቹት ሰዎች አሉ፤ ትችታቸውም መሠረት አለው። በ1975 ምርጫ መንግሥቱ ወደቀ፤ የራሱን ወንበር ሳይቀር አጣ። በዓመቱ በማሟያ ምርጫ ተመለሰ። ስለዚህ «ከተሸነፈች አለቀላት» የሚለውም እዚሁ ላይ ይመለስ።

«ስደተኛን፣ ያውም ጥቁርን፣ ማን ይመርጣል?»

ይህን ሲሉ የጋሼ ድምፅ ዝቅ አለ። ፌዝ አልነበረም፤ ለልጅቷ ፈርተው ነው። ሮዝሜሪ ብራውን ከጃማይካ መጥታ ካናዳ ውስጥ ሶሻል ወርክ ተማረች። በ1972 ለብሪትሽ ኮሎምቢያ ምክር ቤት ስትመረጥ፣ በካናዳ የፕሮቪንስ ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በዚያው ቀን፣ በሌላ የቫንኩቨር ምርጫ ክልል፣ ኤመሪ ባርንስ ተመረጠ። እሱም ጥቁር፣ እሱም ሶሻል ወርከር፣ ከዚያ በፊት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። በ1994 የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆነ። ብራውን በ1975 ኤንዲፒ የሚባለው የፌዴራል ፓርቲ መሪ ለመሆን ስትወዳደር እስከ መጨረሻው ዙር ደርሳ ነው የተሸነፈችው። መንገዱ ቀላል ነበር አልልም። ግን ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የመጀመሪያ የመሆን ሸክም በኛ ልጅ ላይ የለም።

«እኛ ምን አቅም አለን?»

ከምርጫ ውጭም በር አለ። ቶሮንቶ ውስጥ ማንኛውም ነዋሪ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል። ዜግነት አይጠየቅም። ስም ማስመዝገብ ነው። ራሳችን ፈርተን ካልቀረን በቀር የሚከለክለን የለም።

ለመምረጥ ግን ዜግነት ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፒአር ካርድ፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ፣ ለማዘጋጃ ቤት ምርጫም አያገለግልም። ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ወረቀቱን ሲያስገባ የሚያስፈልገውን 25 ፊርማም መፈረም የሚችለው መምረጥ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግረን ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሃያ ምናምን ዓመት ካናዳ ኖረዋል፤ ዜግነቱን አልወሰዱም። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺ ወስደሻል አይደል?» አሏቸው። እትዬ እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ከጀበናው አጠገብ ተነሱ። «የት ጋ ነው የሚፈረመው?» አሉ።