ኬብል ሌሲንግ ምንድን ነው?

ኬብል ሌሲንግ በአንድ መስመር የሚያልፉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን በቀጭን ክር እየጠመጠሙና እየቋጠሩ በአንድነት የማሰር የእጅ ሥራ ነው። በስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች፣ በመርከቦችና በአውሮፕላኖች ሲሠራበት የኖረው ይህ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ኬብል ታይ የሚባለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከተፈለሰፈ ወዲህ ከብዙ ቦታ ቢጠፋም ከጠፈር መንኮራኩር አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ ባረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት በኪዩሪዮሲቲ ፎቶግራፎች ላይ እንኳ በክር የተቋጠሩት ሽቦዎች በግልጽ ይታያሉ።

ተራው ኬብል ታይ የሚሠራበት ናይለን እንደ ልብ የሚተጣጠፈው በውስጡ በያዘው ጥቂት እርጥበት ስለሆነ፣ እርጥበቱ አየር በሌለበት ሕዋ ተንኖ ሲያልቅ በቀላሉ ይሰበራል፤ ብርዱና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ያባብሱበታል። ስባሪው ደግሞ እየተንሳፈፈ ከሚንቀሳቀስ መሣሪያ መካከል ሊገባ ይችላል።

ክርም ቢሆን የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ቀድሞ የተለመደው ሰም የተቀባ ክር በሕዋ ውስጥ ሰሙ ሊተንና ተመልሶ በካሜራ ሌንስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው አየር በተወገደበት ክፍል በ125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ24 ሰዓት ይፈተናል፤ በተለመደው መስፈርት ከክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ማጣት የለበትም፣ ተንኖ በሌላ አካል ላይ የሚያርፈውም ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም።

አስተሳሰሩ ቀላል ይመስላል። ሠራተኛው ክሩን በሽቦዎቹ ጥቅል ላይ አዙሮ መርከበኞች በሚጠቀሙበት ክሎቭ ሂች በሚባል ቋጠሮ ይይዘዋል፤ በላዩ ሌላ ቋጠሮ ያክልና ትርፉን ይቆርጠዋል። የሚያስቸግረው የማጥበቁ ልክ ነው። ብዙ ሽቦዎች የሚሸፈኑበት ቴፍሎን ግፊት በበዛበት ቦታ ቀስ በቀስ እየሸሸ ስለሚሳሳ፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ቋጠሮ ውሎ አድሮ መዳቡን ሊያጋልጥ ይችላል፤ የላላው ደግሞ ሮኬቱ ሲነሣ በሚፈጠረው ንዝረት ይንሸራተታል። ዛሬ ከድብልብል ክር ይልቅ ጠፍጣፋው የሚመረጠውም ጫናውን በሰፊው ስለሚያከፋፍል ነው። ናሳ ለዚህ ሁሉ የጽሑፍ መመሪያ አለው፤ የቋጠሮዎቹ ርቀት ሳይቀር እንደ ጥቅሉ ውፍረት ይወሰናል።

አንድ ረጅም ክር ሳይቆረጥ ከዳር እስከ ዳር የሚያስርበት ስልትም አለ፤ ነገር ግን ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ አካባቢው ሊላላ ስለሚችል፣ በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ ቋጠሮ ለብቻው የሚቆምበት አሠራር ይሻላል። አንድ ሽቦ መለወጥ ሲያስፈልግም በዚያ አካባቢ ያሉትን ጥቂት ቋጠሮዎች ብቻ ቆርጦ እንደገና ማሰር ይበቃል።