ቅቤ ማንጠር ምንድን ነው?

ወርቅ የሚሠራውን ሰው አንጥረኛ እንለዋለን። ቅቤ የምታነጥር እናት በዚህ ስም ባትጠራም የቃሉ ሥር ያው ነው። ማንጠር ባዕዱን በእሳት ለይቶ ጥሩውን ማስቀረት ነው። ንጥር ቅቤን «ቅመም የገባበት የቀለጠ ቅቤ» የሚል ሰው ዋናውን ሥራ ዘሎታል።

ባዕዱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ውሃና አሬራ ነው። ቅቤ ሁለመናው ስብ አይደለም፤ ስቡ 80 በመቶ ገደማ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ውሃ፣ ጥቂቱ ደግሞ የወተቱ ፕሮቲንና ስኳር ነው። የገጠር ቅቤ እርጎው በቅል ወይም በሸክላ ተንጦ ስለሚወጣ አሬራ አዝሎ ይመጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ካልታጠበማ ይብስበታል። ቅቤን የሚያከረፋውና የሚያሻግተው በብዛት ይኸው ነው። ከወጣለት ያለ ማቀዝቀዣ ወራት ይቆያል።

እኛ ቤት ቅቤ የሚነጠረው በጆሮ ነበር። እናቴ ድስቱን ለስላሳ እሳት ላይ ጥዳ ወደ ጓሮ ትወጣና «ዝም አለ ወይ?» ትለኛለች። «ገና ነው እማዬ፣ ይንጣጣል።» ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠይቃለች። ያኔ ነገሩ አይገባኝም ነበር። የሚንጣጣው ለካ ውሃው ነው። ውሃ እስካለ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም፤ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ይህ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ድምፁ ይሞታል፣ አረፋው ይሳሳል፣ ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ቂጥ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱን የሚይዘው የለም፤ ዝቃጩ ከወርቃማ ወደ ጥቁር የሚሄደው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ድስቱ ሲጮህ ሳይሆን ዝም ሲል ነው የሚሮጠው። ፈርቶ ቀድሞ ማውረድም ያው ጥፋት ነው፤ ውሃ የቀረበት ቅቤ ብዙ አይቆይም።

መቅመስስ? የፋሲካው ቅቤ የሚነጠረው ገና ጾሙ ሳይፈታ ነው። 55 ቀን ቅቤ ያልነካች ሴት ጣቷን አትልስም። ሙያው በጆሮ፣ በዓይንና በአፍንጫ የቆመው ለዚህም ይመስለኛል።

ቅመሙ ሁለተኛው ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ማንጠር ማውጣት ብቻ መሆኑ ይቀርና ማስገባትም ይሆናል። የኮረሪማ፣ የኮሰረት፣ የበሶብላ ሽታ በስብ ውስጥ በደንብ ስለሚሟሟ ቅቤው ጠጥቶ ይይዘዋል። ሽንኩርትና ዝንጅብል ራሳቸው ውሃ አላቸውና ቀደም ብለው ይገባሉ፤ ደረቅ ቅጠልና የተወቀጠ ቅመም ግን ቶሎ ስለሚያር ወደ ኋላ ይቆያል። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ እንደየቤቱ ነው። በእኔ አፍ ለክትፎ ኮሰረትና ኮረሪማ ከበቂ በላይ ናቸው፤ አሥር ዓይነት የሚጨምር ሰው ቅቤውን አላመነውም። የሕንዶቹ ንጥር ቅቤ፣ ጊ፣ መንገዱ ከእኛው ጋር ይቀራረባል፤ እነሱም በባህላዊው ዘዴ እርጎ ንጠው ነው የሚጀምሩት። ጊ ግን በአብዛኛው ያለ ቅመም ነው፤ ጣዕሙን የሚያገኘው ዝቃጩ ትንሽ ቡናማ እስኪሆን በመቆየት ነው።

ማንጠር የማይሠራውም አለ። በሳል ቅቤን ለጋ አያደርገውም። ሙዝ ወይም ዱቄት የተቀላቀለበት ቅቤ ድስት ላይ ይጋለጣል፤ ባዕዱ ቂጡ ላይ ተከምሮ ያራል። ዘይት የተቀላቀለበትን ግን እሳት አያጋልጠውም፤ ዘይትም ስብ ነውና አብሮ ይነጥራል። ከ1 ኪሎ ቅቤ 800 ግራም ገደማ ከወጣ ገበያው ደህና ነበር፤ በጣም ካነሰ የከፈሉት ለውሃ ነው።

በረድ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወንፊት ይጠለላል፤ ዕቃው ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ማንኪያም አይግባበት። ድስቱን በእንጀራ መጥረግ የልጆች ድርሻ ነው። የፋሲካው ከሆነ ግን ገና መጾም ያልጀመረው ትንሹ ልጅ ብቻውን ይጠርጋል፣ ሌሎቹ ቆመው ያዩታል።